ከእትብት አጥንት ይሠራል ወይ?

ሕፃኑ ተወለደ፣ አለቀሰ፣ እትብቱ ተቆረጠ። ዓይን ሁሉ ሕፃኑ ላይ ነው። የተቆረጠው እትብትና የእንግዴ ልጁ የት እንደገቡ የሚጠይቅ ብዙም አልነበረም። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ግን ጠያቂው በዝቷል። እትብት ውስጥ ስቴም ሴል አለ ይባላል፣ ስቴም ሴል ደግሞ የተሰበረ አጥንት ይገጥማል፣ ያለቀ ጉልበት ያድሳል ይባላል፣ አንዳንዱማ በመርፌ እንወጋችሁ እያለ ማስታወቂያ ያስነግራል። እውነት ነው?

አጭሩ መልስ፦ ግማሹ እውነት ነው፣ ግማሹ ገና ነው። ረጅሙ መልስ ግን ከአጭሩ ይልቅ ደስ ይላል። ምክንያቱም መሀል ላይ ሳይንቲስቶቹ ራሳቸው «ለካ እንደዛ አይደለም» ያሉበት ቦታ አለ። እዚያ እስክንደርስ ታገሡኝ።

አጥንት ራሱን ይጠግን የለም እንዴ?

ይጠግናል እንጂ። አጥንት እንደ ድንጋይ የደረቀ ነገር የሚመስለን የምናየው ከሞተ በኋላ ስለሆነ ነው። በሕይወት ያለ ሰው አጥንት ደም ይዘዋወርበታል፣ ሌት ተቀን ይፈርሳል፣ ሌት ተቀን ይገነባል። አፍራሾቹ ህዋሳት ኦስቲዮክላስት ይባላሉ፤ ያረጀውን እየቦረቦሩ ያነሳሉ። ግንበኞቹ ኦስቲዮብላስት ናቸው፤ በተነሳው ቦታ አዲስ ይሞላሉ። በዚህ ሁኔታ የአንድ አዋቂ ሰው አጽም በዓመት ወደ 10 በመቶ የሚሆነው ይታደሳል። የዛሬ አሥር ዓመት የነበራችሁ አጥንት አብዛኛው አሁን የለም ማለት ነው።

ሲሰበርም ግንባታው ያው ነው፣ ፍጥነቱ ይጨምራል እንጂ። መጀመሪያ ስብራቱ ላይ ደም ይረጋል። ከረጋው ደም የሚለቀቁ ንጥረ ነገሮች ለአካባቢው ህዋሳት የድረሱልኝ ጥሪ ናቸው። ህዋሳቱ ይሰበሰቡና በሁለቱ ስባሪዎች መሀል ለስላሳ አጥንት ይሠራሉ፤ የአፍንጫችን ጫፍ ላይ እንዳለው ዓይነት፣ ሲጫኑት የሚለምጥ። ይህ ለስላሳ ድልድይ በሳምንታት ውስጥ እየጠነከረ አጥንት ይሆናል፣ ከዚያ ለወራት አንዳንዴም ለዓመታት እየተላገ ቅርጹን ይይዛል። ቆዳ ሲቆረጥ ጠባሳ ትቶ ነው የሚድነው። አጥንት ግን ሲድን መልሶ አጥንት ነው የሚሆነው፣ ይሄ ደግሞ ከአካላችን ብዙው የማይችለው ነገር ነው።

ሁልጊዜ ግን አይሳካም። በካንሰር ምክንያት አጥንቱ ተቆርጦ ከወጣ፣ በአደጋ ከደቀቀ፣ ወይም ሕፃኑ ላንቃውና ድዱ ተሰንጥቆ ከተወለደ፣ ክፍተቱ ይሰፋና ሰውነት ብቻውን መሙላት ያቅተዋል። ሲጋራ የሚያጨስ ሰው፣ የስኳር ሕመም ያለበት፣ ወይም ስብራቱ ያመረቀዘበት ሰው ላይም አጥንቱ አልገጥም ብሎ ወራት ይቆጠራሉ።

ያኔ ሐኪሞች ከራሱ ከታካሚው ዳሌ አጥንት ቆርሰው ክፍተቱን ይሞሉታል። እስከ ዛሬ ከዚህ የሚበልጥ አልተገኘም። የራስ ነው፣ ሕይወት ያለው ህዋስ አለበት፣ ሰውነትም አይገፋውም። ግን አንዱን ቁስል ለማዳን ሌላ ቁስል መክፈት ነው፤ ከዋናው ቀዶ ጥገና ይልቅ የተቆረሰው ቦታ የሚያመው ሰው አለ። ዳሌ ደግሞ የማያልቅ ጎተራ አይደለም። ትንሽ ልጅ ሲሆንማ ከየቱ ይቆረሳል? ሌላው አማራጭ ከሞተ ለጋሽ የተወሰደ አጥንት ነው፣ እሱ ግን ታጥቦና ታክሞ ስለሚመጣ ሕይወት የለበትም። ርብራብ ሆኖ ያገለግላል፣ በራሱ አይገነባም።

«ግንበኛውን ከሌላ ቦታ ብናመጣስ?» የሚለው ሐሳብ የመጣው ከዚህ ነው።

ስቴም ሴል ሲባል ምን ማለት ነው?

ሥራ ገና ያልተመደበለት ህዋስ በሉት። የቆዳ ህዋስ ቆዳ ነው፣ የጉበት ህዋስም ጉበት ነው፣ ነገ ተነስቶ ሌላ አይሆንም። ስቴም ሴል ግን ሁለት ነገር ይችላል፦ ራሱን እያባዛ መቆየት፣ ሲታዘዝ ደግሞ አንድ ሙያ መያዝ።

ታዲያ ሁሉም ስቴም ሴል ሁሉንም ነገር መሆን አይችልም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ጥቂት ቀን ብቻ የሆነው ፅንስ ውስጥ ያለው የፈለገውን የሰውነት ክፍል መሆን ይችላል። ከዚያ በኋላ የሚገኙት ግን ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ዘርፉን እንደመረጠ፣ ዲፓርትመንት ግን ገና እንዳልደረሰው ተማሪ ናቸው። ምርጫ አላቸው፣ ግን በዘርፋቸው ውስጥ ነው።

ለዛሬው ጉዳያችን ሁለት ዘርፍ ይበቃናል። አንደኛው ደም የሚሠራው ነው፤ ቀይ የደም ህዋስ፣ ነጭ የደም ህዋስ፣ ደም የሚያረጋው፣ ሁሉም ከእሱ ይወጣሉ። ሁለተኛው ሜሴንካይማል ስቴም ሴል ይባላል። ስሙ ምላስ ስለሚሰብር እንደ ባለሙያዎቹ ኤምኤስሲ እንበለው። ይሄኛው አጥንት፣ ለስላሳ አጥንትና የስብ ህዋስ መሆን ይችላል። መቅኔ ውስጥ አጥንት መሥራት የሚችሉ እንዲህ ያሉ ህዋሳት እንዳሉ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹና 70ዎቹ ያሳየው አሌክሳንደር ፍሪደንስታይን የተባለ የሶቪየት ሳይንቲስት ነው። ሜሴንካይማል ስቴም ሴል የሚለውን ስም ያስለመደው ደግሞ አሜሪካዊው አርኖልድ ካፕላን ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1991። ካፕላንን አትርሱት፣ በኋላ ይመለሳል።

የእትብት ደምና እትብት ያው አይደሉም?

አይደሉም! ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህንን ያዙ።

የእትብት ደም ማለት ልጁ ከተወለደ በኋላ እትብቱና የእንግዴ ልጁ ውስጥ የሚቀረው ደም ነው። በውስጡ ያለው በዋናነት የመጀመሪያው ዘርፍ፣ ደም ሠሪው ነው። በዚህ የሚሰጠው ሕክምና የተረጋገጠ ነው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1988 ፓሪስ በሚገኘው ሴንት ሉዊ ሆስፒታል ኤሊያን ግሉክማን የተባሉ ሐኪምና ባልደረቦቻቸው ፋንኮኒ አኒሚያ ለሚባል በዘር የሚመጣ የደም በሽታ የተዳረገን ልጅ በአዲስ በተወለደችው እህቱ የእትብት ደም አከሙት፣ ዳነም። ከዚያ ወዲህ በዓለም ዙሪያ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች፣ የደም ካንሰር ያለባቸውን ጨምሮ፣ በዚህ መንገድ ታክመዋል።

የእትብቱ ሥጋ ሌላ ነው። እትብት ብትቆርጡት ሦስት ደም ስሮች ታያላችሁ፤ ሁለቱ ከሕፃኑ ወደ እንግዴ ልጁ ይሄዳሉ፣ አንዱ ይመለሳል። በሦስቱ ዙሪያ ነጣ ያለ፣ የሚያሙለጨልጭ፣ ወፍራም ነገር አለ። ይህን የገለጸው እንግሊዛዊው ሐኪም ቶማስ ዋርተን ስለሆነ፣ እ.ኤ.አ. በ1656 መሆኑ ነው፣ እስከ ዛሬ የዋርተን ጄሊ ይባላል። ሥራው መከላከል ነው፤ ጽንሱ ሆድ ውስጥ ሲገለባበጥ እትብቱ ቢጠማዘዝ እንኳ ደም ስሮቹ ታጥፈው እንዳይዘጉ ይከላከላል። ኤምኤስሲ በደህና መጠን የሚገኘው እዚህ ጄሊ ውስጥ ነው። ደሙ ውስጥ ግን በጣም ጥቂት ስለሆነ፣ ተፈልጎ የሚታጣበት ጊዜ ብዙ ነው።

እና አንድ ሻጭ «እትብት የደም ካንሰር እንደሚያድን ተረጋግጧል፣ ስለዚህ ለአጥንታችሁም…» ሲላችሁ፣ የአንዱን ዝና ለሌላው እያዋሰ ነው። ህዋሱም ሌላ፣ ማስረጃውም ሌላ።

መቅኔ እያለ እትብት ለምን?

መቅኔ ውስጥ ኤምኤስሲ አለ፣ ግን ብርቅ ነው። ከ10,000 እስከ 100,000 ከሚሆኑ የመቅኔ ህዋሳት መሀል አንዱ ቢሆን ነው። እሱንም ለማግኘት ዳሌ አጥንት በወፍራም መርፌ መበሳት አለበት። ሰውየው በዕድሜ የገፋ ከሆነ ደግሞ ህዋሱም አብሮት ገፍቷል፤ ቁጥሩ ቀንሷል፣ መባዛቱም ዳተኛ ሆኗል።

እትብት ግን ያለዚያ የሚጣል ነገር ነው። ማንም አይወጋም፣ ማንም አያመውም፣ ፅንስ ላይ የሚነሳው የሥነ ምግባር ክርክርም እዚህ የለም። ላብራቶሪ ውስጥ እትብቱ ይከታተፍና ለህዋስ በተዘጋጀ ምግብ ውስጥ፣ በሰውነት ሙቀት ይቀመጣል። ህዋሳቱ ከቁራጮቹ እየወጡ ሳህኑ ወለል ላይ ይለጠፋሉ፣ ይባዛሉ። ገና ለጋ ስለሆኑ ከአዋቂ መቅኔ ከሚወጡት ፈጥነው ነው የሚባዙት። ከአንድ እትብት ለብዙ ሰው የሚበቃ ህዋስ ማሳደግ ይቻላል፣ የተረፈውም ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ በሚደርስ ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ለዓመታት ይቀመጣል።

«የሌላ ሰው ህዋስ ሰውነቴ አይገፋውም ወይ?» ካላችሁ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። ህዋሶቻችን ላያቸው ላይ መታወቂያ አንጠልጥለው ነው የሚሄዱት። የሰውነት መከላከያ ሠራዊታችን መታወቂያውን አይቶ የእኛ ካልሆነ ያጠቃዋል። የእትብት ኤምኤስሲ ከመታወቂያ ዓይነቶቹ አንዱን ፈዘዝ አድርጎ ነው የሚያሳየው፣ ሌላውን ጭራሽ አያወጣውም፤ በዚያ ላይ ሠራዊቱን የሚያረጋጉ ንጥረ ነገሮች ይለቃል። ስለዚህ ብዙ ጊዜ ሳይታወቅበት ያልፋል። ብዙ ጊዜ እንጂ ሁልጊዜ አይደለም። ቁስሉ አካባቢ ብግነት ካለ የደበቀውን መታወቂያ አውጥቶ ሊያሳይ ይችላል፣ ያኔ ጠላት መሆኑ ይታወቅበታል።

አሁን ደግሞ ማስታወቂያዎቹ የማይነግሯችሁን ልንገራችሁ። የመቅኔውና የእትብቱ ህዋስ ጎን ለጎን ሆነው አጥንት እንዲሠሩ በተፈተኑባቸው በርካታ የላብራቶሪ ሥራዎች፣ ብዙ ማዕድን ያስቀመጠው የመቅኔው ነው። ነገሩ አይገርምም፣ መቅኔው ቀድሞም የሚኖረው አጥንት ውስጥ ነው። የእትብቱ ብልጫ በቁጥሩ፣ በለጋነቱና በቀላሉ በመገኘቱ ነው፤ በግንበኝነቱ አይደለም።

ህዋሱ «አጥንት ሁን» የሚባለው እንዴት ነው?

ላብራቶሪ ውስጥ ትእዛዙ የሚሰጠው በምግቡ በኩል ነው። የተለመደው ቅመም ሦስት ነው። ዴክሳሜታዞን የሚባለው ሆርሞን መሰል መድኃኒት አለ፣ ብዙዎቻችሁ ለብግነት ሲታዘዝ የምታውቁት። ቫይታሚን ሲ አለ። ፎስፌት የሚያስገኝ ውህድም ይጨመራል። በዚህ ሲቀለብ የህዋሱ ውስጥ የአጥንት ማብሪያ ማጥፊያ ልትሉት የምትችሉት ራንክስ ሁለት የተባለ ጂን ይበራል። ሳምንታት ካለፉ በኋላ ሳህኑ ላይ አሊዛሪን የሚባል ቀለም ይፈስበታል። ደማቅ ቀይ ከሆነ ካልሲየም ተጠራቅሟል ማለት ነው።

ዜናው ብዙ ጊዜ የሚጻፈው እዚህ ቀይ ሳህን ላይ ሲደረስ ነው። ቀይ ሳህን ግን እግር አይደለም። እግር ክብደት ይሸከማል፣ ደም ይዞርበታል፣ ይጣመማል፣ ይመለሳል።

ስለዚህ ህዋሱ ብቻውን ፈሳሽ ሆኖ ክፍተት ውስጥ ቢፈስ ውኃ ይዞት እንደሚሄድ አሸዋ ነው፤ የሚይዘው ርብራብ ይፈልጋል። ርብራቡ በአብዛኛው የሚሠራው አጥንት ከሚሠራባቸው ነገሮች ነው። አጥንት እንደ ኮንክሪት ሁለት ነገር ነው። ኮላጅን የሚባለው ገመድ መሰል ፕሮቲን እንደ ፌሮ ብረት እንዳይሰበር ይይዘዋል፣ ሃይድሮክሲአፓታይት የሚባለው የካልሲየምና የፎስፌት ማዕድን ደግሞ እንደ ሲሚንቶ ያጠነክረዋል። ርብራቡም ከነዚህ ወይም ከሚመስሏቸው ነገሮች እንደ ስፖንጅ ቀዳዳ በቀዳዳ ሆኖ ይሠራል፤ አሁን አሁን በስሪዲ ማተሚያ በክፍተቱ ልክ የሚታተምም አለ። ሰውነት ቀስ በቀስ ይበላዋል፣ በቦታው የራሱን አጥንት ይተካል። ቢያንስ ሐሳቡ እንዲያ ነው።

ትልቁ ራስ ምታት ደም ነው። አንድ ህዋስ ከደም ስር ከአንድ ሚሊ ሜትር ሩብ በላይ ከራቀ ኦክስጅን አያገኝም። ትንሽ ቁራጭ ከሆነ ችግር የለም። የጭን አጥንት የሚያህል ክፍተት ሲሆን ግን ጫፍ ላይ ያሉት ይተርፋሉ፣ መሀል ያሉት ደም ስር እስኪደርስላቸው ታፍነው ይሞታሉ። አይጥ ላይ የሠራው ሰው ላይ የሚያስቸግርበት አንዱ ምክንያት ይኸው መጠን ነው። በዚያ ላይ ስብራቱ በብረት ወይም በጀሶ ጸጥ ብሎ ካልተያዘ፣ ምርጥ ህዋስ ብታመጡለትም አይገጥምም።

ታዲያ አጥንት የሚሆነው ያ ህዋስ ራሱ ነው?

ታገሡኝ ያልኩት ለዚህ ነው።

መጀመሪያ ሁሉም ያሰበው እንደዛ ነበር፤ ህዋሱ ይተከላል፣ ግንበኛ ይሆናል፣ አጥንቱን ይሠራል። ከዚያ ተመራማሪዎች የተከሏቸውን ህዋሳት ምልክት እያደረጉ መከታተል ጀመሩ። ምን አገኙ? አብዛኞቹ በቀናትና በሳምንታት ውስጥ ሞተዋል። በደም ስር የተወጉት ደግሞ ብዙዎቹ ወደ አጥንት ሳይደርሱ ሳንባ ላይ ተይዘው ነው የቀሩት። ግን እንስሳቱ ላይ ጥገናው ተሻሽሏል! ሠራተኛው ሳይኖር ሥራው እንዴት ቀና?

እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣ አንድ ሥራ ይህን እንቆቅልሽ ጥሩ አድርጎ ያሳያል። አጥንታቸው በትንሽ ነገር የሚሰበር፣ በዘር የሚመጣ በሽታ ያለባቸው ሦስት ሕፃናት ከጤነኛ ለጋሽ መቅኔ ተሰጣቸው። ሲመረመሩ ከአጥንት ሠሪ ህዋሶቻቸው ከለጋሹ የመጡት ወደ 2 በመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ። ልጆቹ ግን ቁመታቸው ጨመረ፣ ስብራታቸውም ቀነሰ። ሁለት በመቶ ግንበኛ ያን ሁሉ ሠርቶ ነው? ከባድ ነው።

አሁን ብዙዎች የሚስማሙበት መልስ ይህ ነው፦ ኤምኤስሲ ከግንበኛ ይልቅ ፎርማን ነው። ሳይቱ ላይ ይደርሳል፣ ለብግነቱ ረጋ በል ይላል፣ ደም ስር እንዲበቅል ያዝዛል፣ የባለቤቱን የራሱን ግንበኞች ይጠራል፣ ከዚያ ይሄዳል። ትእዛዙን የሚልከው በሚለቃቸው ፕሮቲኖችና ኤግዞሶም በሚባሉ እጅግ ጥቃቅን ከረጢቶች ነው። ለዚህም ነው አንዳንድ ላብራቶሪዎች «ህዋሱን ትተን ከረጢቶቹን ብቻ ብንጠቀምስ» እያሉ የሚሞክሩት። ከረጢት አይባዛም፣ ለማስቀመጥም ከህይወት ካለው ህዋስ ይቀላል።

አትርሱት ያልኳችሁ አርኖልድ ካፕላንም ይህንን አይቶ እ.ኤ.አ. በ2017 ስሙ ይቀየር ብሎ ጻፈ። እሱ ራሱ ያስለመደውን ስም! ስቴም ሴል መባሉ ሰውን ያሳስታል፣ «መድኃኒታዊ መልእክት ላኪ ህዋስ» ይባል አለ። ምህጻረ ቃሉ በእንግሊዝኛ ያው ኤምኤስሲ ሆኖ እንዲቀርም አመቻችቶለታል።

ሰው ላይ ተሞክሯል?

እንስሳት ላይ በብዛት ተሞክሯል። አይጥ ጭንቅላት ላይ ክብ ቀዳዳ ይከፈታል፣ በአንዱ ርብራብ ብቻ፣ በሌላው ርብራብና የእትብት ህዋስ ይደረጋል፣ ከሳምንታት በኋላ ይነጻጸራል። ህዋስ ያለበት ብዙ ጊዜ የተሻለ ይሞላል።

ሰው ላይ ያሉት ሙከራዎች ግን ትናንሽ ናቸው። አልገጥም ያለ ስብራት፣ የጭን አጥንት ራስ መሞት፣ የድድ ስንጥቅ ላይ ተሞክሯል። ውጤታቸው ተስፋ የሚሰጥ አለ። ችግሩ ብዙ ጊዜ ታካሚው ህዋሱን ብቻ አይደለም የሚያገኘው፤ ቀዶ ጥገናም ተደርጎለታል፣ ብረትም ገብቶለታል፣ የአጥንት ቁራሽም ተጨምሮለታል። ሲድን ያዳነው የትኛው ነው? ይህን ለመለየት በእጣ የተከፈሉ ሁለት ቡድኖች፣ ብዙ ሰዎችና ረጅም ክትትል ያስፈልጋል። አጥንት ደግሞ በራሱም የመዳን ጠባይ ስላለው፣ «ተወግቼ ዳንኩ» የሚል አንድ ሰው ምስክርነት ብዙ አያስኬድም።

የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ኤፍዲኤ የመጀመሪያውን የእትብት ደም ምርት ያጸደቀው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው፤ እሱም ለደም በሽታ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2024 ደግሞ የመጀመሪያውን የኤምኤስሲ ሕክምና አጽድቋል። ደስ ብሏችሁ ከሆነ ቆይ፤ ህዋሱ የመጣው ከመቅኔ ነው፣ የሚሰጠውም ከንቅለ ተከላ በኋላ የለጋሹ ህዋሳት ሰውነታቸውን ለሚያጠቁባቸው ሕፃናት ነው። ለአጥንት ወይም ለመገጣጠሚያ የጸደቀ የእትብት ህዋስ እዚያ አገር የለም።

ይህ ሆኖ ሳለ መርፌው ይሸጣል። እ.ኤ.አ. በ2018 ቴክሳስ፣ ፍሎሪዳና አሪዞና ውስጥ 12 ሰዎች ከእትብት ደም ተዘጋጀ የተባለ ምርት መገጣጠሚያቸው፣ ጀርባቸውና ሌላ ቦታ ላይ ተወግተው በባክቴሪያ ተመርዘው ሆስፒታል ገብተዋል። ብልቃጦቹ ሲመረመሩ ያልተከፈቱት ውስጥ ሳይቀር ባክቴሪያ ተገኘ። እትብት የሚወጣው ከማህፀን በብልት በኩል ስለሆነ አያያዙ ካልተጠነቀቁለት በቀላሉ ይበከላል፣ ህዋስ ደግሞ እንደ መቀስ ተቀቅሎ አይጸዳም፤ ይሞታላ።

የልጃችንን እትብት እናስቀምጥ ወይ?

ይህን በየጊዜው እሰማለሁ። ለአጥንት ብላችሁ ከሆነ፣ እኔ አያስፈልግም ባይ ነኝ። ምክንያቴ ቀላል ነው። የእትብት ኤምኤስሲ ተስፋ የተጣለበት ከአንድ ለጋሽ ብዙ ሰው ሊታከምበት ስለሚችል ነው። ነገ ቢጸድቅ፣ ከማከማቻ የሚወጣው ተመርምሮና ተመርጦ የተቀመጠ የሌላ ሰው ህዋስ ይሆናል እንጂ የግድ የልጃችሁ መሆን የለበትም።

ደሙን በተመለከተም የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው አቋሙ፣ በግል ከማስቀመጥ ይልቅ ማንም ታካሚ ሊጠቀምበት ለሚችል የሕዝብ የእትብት ደም ባንክ መለገስን ነው የሚመክረው። አንዱ ምክንያት፣ ልጁ በዘር የሚመጣ የደም በሽታ ቢኖርበት የተቀመጠው የራሱ ደምም ያንኑ በሽታ ይዞ ነው የሚጠብቀው። በእትብት ደም ሊታከም የሚችል በሽታ ያለበት ወንድም ወይም እህት ካለ ግን ነገሩ ይለያል፣ ያኔ ከሐኪም ጋር ቁጭ ብሎ መነጋገር ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። እትብት ለመቁረጥ መቸኮል አያስፈልግም። የዓለም ጤና ድርጅት ቢያንስ አንድ ደቂቃ ይጠበቅ ይላል፤ በዚያች ጊዜ እንግዴ ልጁ ውስጥ የቀረው ደም ወደ ሕፃኑ ይገባል፣ ለመጪዎቹ ወራት የሚሆነውንም ብረት ማዕድን ይዞለት ይገባል። «ብዙ ደም እንድናገኝ ቶሎ ይቆረጥ» የሚል ካለ፣ ከልጁ ድርሻ ነው የሚወስደው። ኤምኤስሲው ያለበት ጄሊ ደግሞ እትብቱ ከደቂቃዎች በኋላ ቢቆረጥም እዚያው ነው፣ የትም አይሄድም።